ስድስት በሃምሳ ሁለት

የሐሞት ጠጠሩን በኦፕራሲዮን አስወጥቶ ቤቱ በገባ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት፣ መዝጋቢው የሚስቱ የስፌት መኪና ዝም ማለቱን ልብ አለ። ሚስቱ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው ያ መኪና ነበር፤ ፔዳሉን ስትረግጠው የመኝታ ቤቱ መስኮት ይንቀጠቀጣል፣ እሱም «ይህች ሴትዮ ዛሬስ ቤቱን ነድታው ልትሄድ ነው» እያለ ይነሳል። ያን ቀን መስኮቱ አልተንቀጠቀጠም። ጆሮውን ወደ ግድግዳው አስጠጋ። ከወዲያኛው ክፍል የሚሰማው ሹክሹክታ ነው፤ ያውም የትልቋ ልጁ። ልጅቷ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ናት፤ ሦስት መቶ ተማሪ ያለ ማይክሮፎን የምታሰልፍ ሴት ናት። እሷ ድምፅዋን ዝቅ ካደረገች አንድ ነገር አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን ጀርባውን ሰጥቶ ይተኛ ነበር። መዝጋቢው ግን በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ነው፤ ጥርጣሬው አብሮት ጡረታ አልወጣም። «ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር» የሚለውን ተረት በካርድ ክፍሉ በር ጀርባ በቾክ የጻፈው እሱ ነበር። ጽዳት ሠራተኛዋ በየሳምንቱ ታጠፋዋለች፣ እሱ በየሳምንቱ ይጽፈዋል።

ሥራው ካርድ ማውጣትና ካርድ መመለስ ነበር እንጂ ካርድ ማንበብ አልነበረም። ነገር ግን ሠላሳ አንድ ዓመት በእጅህ የሚያልፈውን ሳታነብ ኑር ቢሉህ ትኖራለህ? ሐኪሞች ጊዜ ስለሌላቸው በቁራጭ ፊደል ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ዶሮ የጫረው ይመስለው ነበር። ኋላ ግን በሻይ ሰዓት ነርሶቹን እየጠየቀ፣ የአንዱን ካርድ ከሌላው እያስተያየ፣ በአንድ አሮጌ ደብተር ላይ አንድ በአንድ ለቀማቸው። ኤን ፒ ኦ፦ በአፍ ምንም እንዳይገባ። ቢ አይ ዲ፦ በቀን ሁለቴ። ሲ ኦ፦ የሚያመው ነገር። ዲ ኤክስ፦ የበሽታው ስም። ኤን ኤ ዲ፦ ምንም ችግር አልተገኘም። ሲ ኤ፦ ካንሰር። ቁጥሮቹም የራሳቸው አነጋገር ነበራቸው። ሐኪም «ሦስት በሰባት» ብሎ ከጻፈ ሦስት ቀን ማለቱ ነው፤ በሃምሳ ሁለት ከሆነ ሳምንት ነው፣ በአሥራ ሁለት ከሆነ ወር። ደብተሩ በመጨረሻ ሰማንያ ገጽ ሞላ። አዲስ ነርሶች ሳይቀሩ «ጋሽ መዝጋቢ፣ ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» እያሉ በመስኮቱ ይጠይቁት ነበር።

በእነዚያ ዓመታት አንድ ነገር ብቻ እንደ አጥንት ጉሮሮው ውስጥ ቀርቷል። በዚያ ሆስፒታል በሽተኛው ካርዱን ራሱ ይዞ ነው ከክፍል ክፍል የሚዞረው። አንድ ቀን አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት ካርዷን በሁለት እጇ እንደ ሰሐን ይዛ ወደ መስኮቱ መጣችና «ልጄ፣ እስቲ እዚህ ላይ ምን እንደሚል ንገረኝ» አለችው። ጣቷን ያሳረፈችው «ሲ ኤ» ላይ ነበር። ቀጥሎም ለኦፕራሲዮን ጊዜው አልፏል የሚል ቃል ነበረ። እሱ አየና «የክፍሉ ቁጥር ነው፣ እናቴ» አላት። «ተባረክ» ብላው ሄደች። የራሷን ሞት በእጇ ይዛ፣ መርቃው ሄደች። ከዚያ ቀን ወዲህ መዝጋቢው ለራሱ አንድ ነገር ማለ፤ የእኔ ቀን ሲመጣ ካርዴን ሳላነብ አልዞርም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ የእኔን ጆሮ ግን ባዳ አላደርገውም።

እነሆ ቀኑ ሳይመጣ አልቀረም። አልጋው ላይ ተጋድሞ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመረ። ሚስቱ ከስታለች፤ ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እንደ ተሰቀለ ልብስ ሆኗል። በእኔ ሐዘን ነው፣ አለ። ምግብ ታቀርባለች እንጂ አብራው አትበላም። ቢቀርብላት አንጀቷ እምቢ ብሏት ነው፣ አለ። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳው ትንሹ ልጁ፣ ቤት በገባ ቁጥር «ጋሽ መዝጋቢ፣ ካርድ አለኝ?» እያለ ይቀልድ የነበረው፣ ሰሞኑን በር ላይ ቆሞ ጫማውን ያያል። ሾፌር ጫማውን ካየ መንገዱ ጠፍቶበታል ማለት ነው። ሁሉንም ነገር ወደ ራሱ ጎተተው፤ ሁሉም ደግሞ ተጎተተለት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ልጁ ሾርባ ይዛ ስትገባ አልጋው ላይ ተደግፎ ጠበቃት።

«አባባ፣ ሳይቀዘቅዝ ጠጣ።»

«የምርመራ ውጤቴ የት ነው?»

«የምን ውጤት?»

«ከሆዴ ያወጡት ሐሞት ወደ ምርመራ ሄዷል። ሁልጊዜም ይሄዳል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሄድ አይቻለሁ።»

«ደህና ነው ተብሏል እኮ።»

«ማነው ያለው?»

«ሐኪሙ ነዋ፣ አባባ።»

«በምን ተጻፈ?»

«በእስክሪብቶ» አለ ሾፌሩ ከበሩ ላይ።

መዝጋቢው አልሳቀም። «አንተ ዝም በል። አንቺ፣ ወረቀቱን አምጪው።»

«ቤቴ ነው ያለው። ነገ አመጣዋለሁ። አሁን ሾርባህን።»

ወረቀት ጠይቀኸው ሾርባ የሚሰጥህን ሰው አትመን። ይህንን በደብተሩ አልጻፈውም እንጂ ያውቀዋል። ሾርባውን እየጠጣ በሳህኑ ጠርዝ በኩል ሁለቱን ልጆቹን አያቸው። ልጅቷ ወንድሟን በዓይኗ ገላመጠችው። ልጁ ወደ ጫማው ተመለሰ።

በማግስቱ ወረቀት አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ በኮሪደሩ ሲሄዱ፣ እሱ የተኛ መስሏቸው ድምፃቸውን ትንሽ ለቀቅ አደረጉት።

«ቁስሉ ሳይደርቅ አፍህን እንዳትከፍት ብዬሃለሁ» አለች እህትየው።

«ስድስት ሳምንት ግን ብዙ ነው።»

«ሐኪሙ ተስማምቷል።»

«የተስማማው አንቺ ስለለመንሽው ነው።»

«እሺ፣ ለምኛለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ይምጣብኝ?»

የውጭው በር ተዘጋ። መዝጋቢው ጣሪያውን እያየ ቀረ። ስድስት ሳምንት። «ሁለቱም» ያለችው ቁስሉንና መርዶውን ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ቁስሉ ይድን፣ ከዚያ ይነገረው ብለዋል። ስድስት ሳምንት ሙሉ ቤተሰቡ በሙሉ የሚያውቀውን ነገር እሱ ብቻ ሳያውቅ ሾርባ ሊጠጣ ነው። ያቺ ሴት ትዝ አለችው፤ «ተባረክ» ያለችበት ድምፅ ሳይቀር።

የቀኑ አራት ሰዓት ገደማ ተነሣ። ሚስቱ በሌላኛው ክፍል ጎኗን አሳርፋ እንቅልፍ ወስዷታል። በቀን ተኝታ አይቷት አያውቅም፤ እሱንም ማስረጃ አድርጎ መዘገበው። ሱሪውን ሲያጠልቅ ቁስሉ ጎተተው። የሚስቱን ጃንጥላ ምርኩዝ አድርጎ፣ በአንድ እጁ ሆዱን ደግፎ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ታክሲ ውስጥ አንዱ ወጣት «አባት፣ ሆድዎን ነው?» ቢለው «አይደለም፣ አደራ ይዤ ነው» አለው።

ካርድ ክፍሉ እንደ ተወው ነበር። ከመስኮቱ ፊት ሰልፍ አለ፣ ከመስኮቱ ጀርባ እስከ ጣሪያው የደረሰ መደርደሪያ አለ፤ ከሁለት ዓመት በፊት የመጣው ኮምፒውተርም ጥልፍ ጨርቅ ተከናንቦ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በእሱ ቦታ የተተካችው ሠራተኛ ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያለፈውን ነገር አየው። ደስታ ነበረበት፤ ከደስታው በታች ግን ሌላ ነገር ነበር።

«ጋሼ፣ ማን ተነሡ አለዎት?» አለች።

«አልጋው ነው። ካርዴን አውጪልኝ።»

«ዛሬ እኮ ኮምፒውተሩ …»

«ኮምፒውተሩ ሻሽ እንዳሰረ ነው። ከአራስ ቤት መቼ ወጥቶ ያውቃል? ካርዴን ነው ያልኩሽ።»

ሰልፉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «ቀጠሮዎ ሲደርስ አይሻልም? ይቀመጡ፣ ሻይ ላስመጣልዎት።»

እዚያ ሾርባ፣ እዚህ ሻይ። መዝጋቢው የጎን በሩን ገፍቶ ገባ። መደርደሪያዎቹ መካከል ያለው መተላለፊያ ለአንድ ሰው ትከሻ ብቻ የሚበቃ ነው፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ሊሄድበት ይችላል። ሰባት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሁለት። ሥራ የጀመረ ቀን አዲሱን ማኅተም ለመሞከር ብሎ ራሱንና ሚስቱን መዝግቦ ነበር፤ እሱ አሥራ ሁለት፣ እሷ አሥራ ሦስት። ከዚያ ወዲህ መደርደሪያው ሦስት ጊዜ ቢቀየርም ሁለቱ ካርዶች ጎን ለጎን ነበሩ።

ካርዱን አገኘው። መነጽሩን አደረገና በቆመበት ገለጠው። ቶሎ አላመነውም። መጀመሪያ ወረቀቶቹን መረመረ፤ አዲሱ ከላይ፣ አሮጌው ከታች፣ ልክ ነው። የስቴፕሉ ብረት አልተነቀለም። የነርሶቹን ጽሑፍ አየ፤ ጠዋት በሰማያዊ፣ ከሰዓት በጥቁር፣ ማታ ደግሞ ሊያልቅ በደረሰ እስክሪብቶ ተጽፏል። የተፈበረከ ካርድ ከዳር እስከ ዳር በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ፣ በአንድ መቀመጫ ይጻፋል፤ በዘመኑ ሁለት እንዲህ ያለ ይዞ ያውቃል። ይህ ግን እውነተኛ ነው። የምርመራውን ውጤት ፈለገ። ከታች ሦስት ፊደል ብቻ ተጽፏል፤ ኤን ኤ ዲ።

ምንም ችግር አልተገኘም።

ሁለተኛ አነበበው። ሦስተኛ አነበበው። መደርደሪያውን ያዘ። ሊስቅ ምንም አልቀረውም፤ ለሦስት ቀን የገዛ ቀብሩን ሲያሰናዳ የከረመ ሽማግሌ። ታዲያ ልጆቹ ምን ሆነው ነው? ካርዱን ወደ ቦታው ሊመልስ እጁን ሲዘረጋ ጣቱ ጎን ያለውን ነገር ነካ። ካርድ አልነበረም። ካርቶን ነበር፤ ቀይ ካርቶን።

ቀዩን ካርቶን ወደዚያ ቤት ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ድሮ ካርድ ወጥቶ ሳይመለስ ሲቀር ቦታው ይጠፋ ነበር። እሱ የግሉኮስ ካርቶን እየቀደደ፣ ቀይ ቀለም እየቀባ፣ ካርድ በወጣ ቁጥር በቦታው ማቆም ጀመረ፤ ማን ወሰደው፣ ወዴት፣ መቼ የሚለው ይጻፍበታል። ሙት እንኳ የመቃብር ድንጋይ አለው፣ የወጣ ካርድ ቦታው ባዶ አይቀርም፣ ይል ነበር።

ሰባት ሺህ አራት መቶ አሥራ ሦስት። ወጣ። ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል። ቀኑ እሱ ራሱ ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ የተኛበት ቀን ነው። ዛሬ አሥራ ሰባት ቀን ሆነው።

ሲዞር ተተኪዋ ከኋላው ቆማለች። ሰልፉን ትታ ነው የመጣችው።

«የት ነው ያለው?» አላት።

«ልጅዎት ለመነችኝ፣ ጋሼ። ‹አንድ ቀን ጥርጣሬው አንቆት ይመጣል፣ ካርዷን ከዓይኑ አርቂልኝ› አለችኝ። መሳቢያዬ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ካርቶኑን ለምን አቆምሽው? ባታቆሚው እኮ አላይም ነበር።»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሩኝ?» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። «እጄ እምቢ አለኝ።»

ካርዱን አምጥታ ሰጠችው። እሱም በሁለት እጁ እንደ ሰሐን ተቀበለው።

እሱ ኦፕራሲዮን ክፍል ሳለ፣ ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ደም አስታውካ ነበር። «ሲ ኦ፦ ደም ማስታወክ፣ አንድ በሰባት።» ከሥር የድሮ ታሪኳ ተጽፏል፤ «ጂ 3፣ ፒ 2፣ ኤ ቢ 1»። ሦስት ጊዜ አርግዛለች፣ ሁለት ወልዳለች፣ አንድ ሳይደርስ ወርዷል። ያንን ሦስተኛውን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም፤ ልጆቹም አያውቁም። በዚያ ቁርጥራጭ ፊደል መካከል ሚስቱ ቆማ ያያት መሰለው። ወደ ታች ወረደ። «ዲ ኤክስ፦ ሲ ኤ፣ ጨጓራ። ገና አልተሰራጨም። ኦፕራሲዮን ቶሎ ይደረግ።» ቀጥሎ በሌላ እስክሪብቶ፦ «ቤተሰብ በጠየቀው መሠረት በ6/52 ተራዝሟል። በሽተኛዋ አልተነገራትም።» ጫፉ ላይ የትልቋ ልጁ ፊርማ አለ፤ በተማሪ ሰርተፍኬት ላይ የምትፈርመው ያ ሙሉ ፊርማ።

ስድስት በሃምሳ ሁለት። የእሱ ቁስል እስኪደርቅ። የምታስታምመው ሚስቱ ሆስፒታል እንዳትተኛበት።

መንገዱን ሁሉ ልጁን ሲረግማት ሄደ፤ ከዚያ ሊረግማት አልቻለም። ሁለት በሽተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር፣ አንዱ ሆዱ የተቀደደ፣ ሌላዋ ያልተነገራት። እሱ ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ያን ጊዜ ያደረገውን ያውቃል። «የክፍሉ ቁጥር ነው» ነበር ያለው።

ቤት ሲደርስ ሚስቱ የስፌት መኪናው ፊት ተቀምጣለች። ጨርቅ አልዘረጋችም፣ ፔዳሉንም አልረገጠችም።

«የት ነበርክ?»

«ሱቅ።»

«ሱቁ በረኪና በረኪና ይሸታል? ጃንጥላዬንስ ምን አደረግህበት፣ ዝናብ ሳይኖር?»

ጃንጥላውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። እሷ ለረጅም ጊዜ አየችው። ልክ እሱ በሳህኑ ጠርዝ በኩል ልጆቹን እንዳየው ነበር የምታየው።

«ሦስት ሆናችሁ ነው የምትደብቁኝ» አለች በመጨረሻ። «አንተ የታመምክ ሰው ነህ ብዬ ዝም ብል፣ ፊትህ ምስጢር የያዘ ሰው ፊት ሆነ። ዘጠኝ ቀን ይሁን አሥር ቀን፣ ስጠብቅህ ነበር። ይነግረኛል እያልኩ።»

«እኔ?»

«አንተ ነህ እንጂ ሌላ የፊደሉ ጌታ ማነው? ‹ጨጓራ ነው፣ ይህን ዋጪ› ይሉኛል። ጨጓራ ለሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ፤ ሰው እንዲህ አያለቃቅስበትም። ያ ገገማ ልጅህ ትናንት ሳህን አጠበልኝ። ወንድ ልጄ፣ ሳህን።»

የመኪናውን ትንሽ መሳቢያ ሳበች። ከክርና ከመርፌ መካከል የቅድ ወረቀት አወጣች፤ የኮሌታ ልክ የምታወጣበት ነው። በላዩ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አለ። የትምህርት ቤት አርማ በደረት ኪስ ላይ ስትጠልፍ እንደምታደርገው፣ የፈረንጁን ፊደል አንዱንም ሳታጎድል ቀድታዋለች።

«በሄድንበት የመጨረሻ ቀን ለራጅ ስንጠብቅ ካርዱን እጄ ላይ ተዉት፤ ልጅህ ውሃ ልትገዛልኝ ወጣች» አለች። «ማንበብ ባልችል መቅዳት ማን ይከለክለኛል? የቁስልህ ክር ይውጣ ብዬ ነው እንጂ እስካሁን አልታገሥም ነበር። ምን ይላል?»

ወረቀቱን ተቀበላት። ፊደሎቹ ከሐኪሙ ይልቅ ያምሩ ነበር። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ራሱ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ካርዱን ይዛ ስትሄድ። ልጁ በኮሪደሩ «ሁለቱም አንድ ላይ ይምጣብኝ?» ስትል። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ያቺ ሴት እውነቱን ብትሰማ ኖሮ ምን ትጠቀም ነበር? መርቃው ነው የሄደችው፤ ምናልባት በሰላም ተኝታ ይሆናል። እውነት ማለት ሁልጊዜ መድኃኒት ነው የሚሉ ሰዎች ካርድ ክፍል አልሠሩም። እርግጠኛ አልነበረም፤ አሁንም አይደለም።

«አንድ ጊዜ አንዲት ሴት እንዲህ ብላ ጠይቃኝ ነበር» አላት። «የክፍሉ ቁጥር ነው አልኳት።»

«አልነበረም?»

«አልነበረም።»

ሚስቱ የመኪናውን መንኮራኩር በእጇ ያዘች። «ለእኔም የክፍል ቁጥር ነው ልትለኝ ነው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው አንብብ።»

አነበበላት። ጣቱን በያንዳንዱ ፊደል ሥር እያስኬደ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ሦስቱ እርግዝና ላይ ሲደርስ «እሱን እኔው ነኝ የነገርኳቸው» አለች። «ሲጠይቁኝ ሁለት ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። ቀጥል።» «ሲ ኤ» ላይ ሲደርስ ስሙን በሙሉ ተናገረው። እሷ አላለቀሰችም። እጇን ሆዷ ላይ አሳረፈችና፣ ቤት ውስጥ ሌባ እንዳለ ጠርጥሮ የቆየ ሰው ሌባውን ሲያየው እንደሚሆነው፣ ትከሻዋ ወረደ።

«አውቄው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ስሙን ነው ያጣሁት።»

«ገና አልተሰራጨም ይላል። ይቺን ተመልከቺ፣ ቶሎ ይደረግ ነው የሚለው።»

«ይህስ? ይህ ክፍልፋዩ?»

«ስድስት ሳምንት። ልጅሽ አስራዝማዋለች። የሚያስታምመኝ እንዳላጣ።»

«ለአንተ ብላ?»

«ለእኔ።»

«ሾርባውን የምትሠራው እኮ እሷ ናት» አለች ሚስቱ። «እኔ ሳህኑን እንዳቀርብልህ ብላ ነው ስድስት ሳምንት ሆዴን የምታስበላኝ?»

ከዚያ መጀመሪያ ከእሷ አፍ፣ ቀጥሎ ከእሱ፣ ሳቅ ነው የማይባል ነገር አመለጠ። ቁስሉ ወጋውና ሆዱን ያዘ። እሷም የራሷን ያዘች።

«ስንቱ ሄደ ከስድስቱ?»

«አሥራ ሰባት ቀን።»

«ነገ የሚለው በእነሱ አጻጻፍ እንዴት ነው?»

«አንድ በሰባት።»

የልብስ ቾኳን ከመኪናው ጠርዝ አነሳች። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ፣ የተሳሳተ ልክ እንደምትሰርዘው ስድስት በሃምሳ ሁለትን በአንድ መስመር ሰረዘችው። ከጎኑ በትልቁ አንድ ጻፈች፣ መስመር አሰመረች፣ ከሥሩ ሰባት ጻፈች። ራቅ አድርጋ አየችው።

«ትክክል ነው?»

«ትክክል ነው።»

ስልኩን አንስቶ ለልጁ ደወለ። ከጀርባ የአውቶቡስ ሞተር ይሰማል።

«ነገ ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት መኪና ፈልገህ ና። ሆስፒታል ነው።»

«አባባ፣ ቁስሉ ከፋብህ እንዴ? እኔ እኮ …»

«ለእናትህ ነው።»

ሞተሩ ጠፋ። ልጁ አውቶቡሱን ዳር ሳያስይዝ አልቀረም። «ማን ነገራት?» አለ።

መዝጋቢው መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ስልኩን ከእጁ ወሰደችው። «ማንም አልነገረኝም፤ አስነብቤ ነው» አለች። «ለእህትህም ደውልላት። አታልቅሱብኝ፣ ስድስት ልብስ ሳልሰፋ እጄ ላይ አለ፤ የሰው ልጅ ሰኞ ምን ሊለብስ ነው?»

ስልኩን ዘጋችና ቾኳን ቦታዋ መለሰች። ከዚያ ሰማያዊ ጨርቅ ከመርፌው ሥር አስገብታ ፔዳሉን ረገጠች። ሁለት ስፌት ሳትሄድ አቆመች፤ ደክሟት ነው። ትንፋሿን ሰበሰበችና ደግማ ረገጠች።

«ደብተሩን ይዘኸው ና ነገ» አለች ሳትዞር። «አዲስ ነገር ከጻፉ እኔ እቀዳለሁ፣ አንተ ታነባለህ።»